ከጋን ወደ ብርሌ፣ ከጠርሙስ ወደ ብርጭቆ

ከሐዋሳ ጎን ባለችው ቡሹሎ ለሚኖር ሰው ቅርቡ የወይን ማሳ ያለው ባሕር ማዶ አይደለም፤ ባቱ ነው። ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር ተነስቶ ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን ያለፈ መኪና ላንጋኖን በስተቀኝ፣ አቢጃታን በስተግራ ትቶ፣ አዳሚ ቱሉን አቋርጦ የቀድሞዋ ዝዋይ ይደርሳል። እዚያ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የወይን ችግኝ መትከል ጀመረ። መርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ከመቶ ሄክታር በላይ መሬት ሸፈኑ፤ ጉማሬና ጅብ ዘልቆ እንዳይገባም በማሳው ዙሪያ ቦይ ተቆፈረ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ሪፍት ቫሊና አኬሽያ ተብለው እ.ኤ.አ. በ2014 ገበያ ወጡ። ይኸው ኩባንያ በቢጂአይ ስም ሐዋሳ ላይ የቢራ ፋብሪካም ስላለው፣ ለከተማዋ ሰው እንግዳ አይደለም።

ወይኑ በቅርብ ከመጣ ወዲህ አንድ ጥያቄ አብሮት መጥቷል። በዓል ነው፤ ዶሮው ቀርቧል፤ ጠርሙሱ ተከፍቷል። ከዘመዶቹ አንዱ፣ ብዙውን ጊዜ ፊልም የሚያዘወትረው ወይም ከውጭ አገር የተመለሰው፣ ወይኑ ወደ ሌላ ዕቃ ሳይገለበጥና ትንሽ ሳያርፍ አይጠጣም ይላል። ሌላው ይስቃል፤ የፈረንጅ ቅንጦት ነው ባይ ነው። ጓዳ ያሉት እናት ግን ነገሩ አዲስ ሆኖ አይታያቸውም። መጠጥን ከዝቃጩ ለይቶ፣ አሳርፎና አጥልሎ መቅዳት እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሠሩት የኖሩት ሥራ ነው።

ፈረንጆቹ ዲካንተር የሚሉት ሆደ ሰፊ የመስታወት ማንቆርቆሪያ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ዝቃጭን ማስቀረት ነው። ቀይ ወይን በጠርሙስ ውስጥ ዓመታት ሲቆይ ቀለሙና ምላስ የሚይዘው ታኒን እየተያያዙ ይከብዱና ወደ ታች ይወርዳሉ። ጠርሙሱ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ይቆምና ዝቃጩ መቀመጫው ላይ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በአንድ እጅ፣ ሳያቋርጡ፣ በቀስታ ይቀዳል። ቀጂው ከጠርሙሱ አንገት ጀርባ ሻማ ያቆማል፤ ጥቁሩ ጭራ አንገቱ ላይ ብቅ ሲል ያቆማል። ሁለተኛው ሥራ ወይኑን አየር ማስነካት ነው። በዚህኛው ላይ ጠበብቱ ራሳቸው አይስማሙም። የዘመናዊውን የቦርዶ ወይን አጠማመቅ በእጅጉ የለወጠው ኤሚል ፔይኖ ዝቃጭ ለሌለው ወይን መገልበጡ አያስፈልግም፣ ዝቃጭ ያለውም ቢሆን ገበታ ሊቀርብ ሲል እንጂ ከሰዓታት በፊት አይገለበጥ የሚል አቋም ነበረው። አየሩ ጠረኑን ያጠፋዋል ባይ ነው።

ይህ አጥልሎ የመቅዳት ሥራ በኢትዮጵያ ቤት ውስጥ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ለማየት እስከ አክሱም ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

በአንደኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የሎዶቅያንና የኢጣሊያን ወይን ይቆጥራል፤ ብዛቱም ጥቂት እንደሆነ ይናገራል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ኢዛና የማረካቸውን የቤጃ ሰዎች ወደ ሌላ አገር ሲያሰፍር በመንገድ ያበላቸውንና ያጠጣቸውን በድንጋይ ላይ አስቀርጿል፤ የግሪክኛው ጽሑፍ ከእንጀራው ጋር ጠላና ወይን ይጠቅሳል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት በዛሬይቱ አቃባ የተሠሩ ረጃጅም የሸክላ ማሰሮዎች በብዛት ወደ አዱሊስና ወደ አክሱም ገብተዋል፤ የመሬት ቁፋሮ አጥኚዎች የተሠሩበትንና የደረሱበትን ከተማ አጣምረው አይላ አክሱም ብለው ሰይመዋቸዋል። ብዙዎቹ ወይን እንደጫኑ ይገመታል። በአክሱም መቃብሮች ደግሞ ሙሉ የመስታወት ዋንጫዎች ተገኝተዋል። ከሸክላ ማሰሮ ወደ መስታወት መቅዳት፣ እንግዲህ፣ በዚያ ዘመን የመኳንንት ገበታ ሥራ ነበር። የዚያ ዘመን ወይን ደግሞ ዝቃጭ የበዛበት ነበርና ሳያጠሉ መጠጣት የማይታሰብ ነው፤ ሮማውያን ለዚሁ ሲሉ የብር ወንፊት ይሠሩ ነበር።

ባሕሩ ሲዘጋና አክሱም ሲዳከም ወይን ብርቅ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል አገር የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የወይን ጠጅ በይፋ የሚጠመቀው በሁለት ቤት ብቻ፣ በንጉሡና በአቡነ ማርቆስ ዘንድ፣ እንደነበር ጽፏል። አብያተ ክርስቲያናት ለቅዳሴ የሚጠቀሙበት ዘቢብ ነበር፤ ዘቢቡ በውሃ ተዘፍዝፎ እስኪያብጥ ይቆይና በጨርቅ ይጨመቃል። ይህ ሥራ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆናት በቤተ ልሔም ዘቢቡን ዘፍዝፈው፣ ጨምቀውና አጥልለው ለጽዋው ያዘጋጃሉ። መፍላት የለበትም፤ መጥለል ግን ግድ ነው። አጥልሎ መቅዳት በዚህች አገር ሳይቋረጥ ከኖረባቸው ቦታዎች ቀዳሚው፣ ስለዚህ፣ ቤተ ልሔም ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የጠጅ ጓዳ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል።

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ተፈትጎ ይታጠባል፤ በወይራ ጭስ ይታጠናል። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ይበረዛል። ማሩ ከነሰሙ ስለሚገባ በሁለት በሦስት ቀን ሰፈፉ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ይገፈፋል። ያን ጊዜ ያለው ገና ብርዝ ነው፤ ልጅም፣ መጠጥ የማይቀምስ ሰውም ይጠጣዋል። ቀጥሎ የጌሾ እንጨት ከጥቂቱ ብርዝ ጋር ተቀቅሎ ይገባበታል። ለጠላ ቅጠሉ፣ ለጠጅ እንጨቱ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ቅጠል ይበታተናል፣ ያደፈርሳል፤ እንጨት ግን እንዳለ ይወጣል። ጠጅ ጣይዋ ገና ከጅምሩ የምታስበው ስለ መጨረሻው ጥራት ነው።

ጋኑ ተከድኖ እንደ አየሩ ቅዝቃዜና ሙቀት ሳምንትም ሁለት ሳምንትም ይፈላል። በሐዋሳ ሙቀት ቶሎ ይደርሳል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ይዘገያል። ከዚያ ጌሾው ወጥቶ ጠጁ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይጠለላል። ጨርቁ የሚያስቀረው የጌሾ ስብርባሪውንና የሰም ርዝራዡን ነው፤ እርሾውን ግን ሊያስቀረው አይችልም። ጠጅ ከተጠለለ በኋላም ደመና የሚመስል ጉም የሚይዘው፣ አፍ ላይም ቆንጠጥ የሚያደርገው ለዚህ ነው፤ እርሾው ሥራውን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤታቸውን ያሳተሙ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች 200 የጠጅ ናሙናዎችን መርምረው ያገኙት ዳቦ የሚያስነሳውን እርሾ ከዘመዶቹ ጋር፣ ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎችንም ጭምር ነበር። የአንዱ ቤት ጠጅ ከሌላው ቤት፣ እንዲያውም የአንድ ቤት ጠጅ ከሳምንት ሳምንት የሚለያየው በምን እንደሆነ ጥናቱ አሳይቷል። ጠጅ ጣዮች ይህንን በምላሳቸው ያውቁት ነበር።

ዝቃጩን የሚያስቀረው ከጨርቁ ይልቅ ዕረፍት ነው። የተጠለለው ጠጅ በእንስራ ወይም በማድጋ ሳይነቃነቅ ያድራል፤ ደለሉ ይቀመጣል፤ በማግስቱ ከላይ ከላይ ይቀዳል። በዓል ሲመጣ እንስራው ቀደም ብሎ ከቦታው አይነካም፤ ልጆችም እንዳያገኙት ይጠበቃል። ስትቀዳ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ እንስራውን ዘንበል ስታደርግ ውስጡን የማታንቀሳቅስ ሴት ትመረጣለች። የታችኛው ጉሽ ለቤተሰቡ ይቀራል፤ እሱን የሚመርጡ ሽማግሌዎችም አሉ፤ ጉልበት አለው ይላሉ። የቦርዶው ቀጂ ከሻማው ጋር የሚያደርገውን ይህች ሴት ያለ ሻማ ታደርገዋለች፤ ብርሌውን ወደ በሩ ብርሃን አንስታ ታየዋለች፤ ከደፈረሰ ትመልሰዋለች።

ብርሌውስ ከየት መጣ? እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በትግራይ የራስ ወልደ ሥላሴን ግብር ቀምሷል። ሜስ፣ ማለትም የትግራይ ጠጅ፣ በብርሌ ሲቀርብለት ዕቃውን ያወቀው ወዲያውኑ ነው፤ የቬኒስ መስታወት ነበር። ለእንግሊዝ አንባቢዎቹ ሲያስረዳም በአገራቸው ለወይን መገልበጫ በሚያውሉት ዕቃ ስም ነው የጠራው። በአውሮፓ ገበታ መካከል ተቀምጦ ለብዙ ሰው የሚቀዳበት ዕቃ በኢትዮጵያ አዳራሽ የእያንዳንዱ ሰው የግል መጠጫ ሆነ። ከቬኒስ የተነሳው መስታወት በቀይ ባሕር በኩል ምጽዋ ደርሶ፣ በበቅሎ ተጭኖ ደጋ እስኪወጣ ምን ያህሉ እንደሚሰበር መገመት አያዳግትም። ‹ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ› የተባለውም መስታወት በሩቅ መንገድ በሚመጣበትና መጠገኛ በሌለበት አገር ነው። ከብርሌ በፊትና ከብርሌም ጋር መጠጫው ከቀንድ የተሠራው ዋንጫ ነበር፤ በዋንጫ ውስጥ ግን ጥራት አይታይም። መስታወት ሲመጣ የጠጅ ጣይዋ ሙያ ለዓይን ተጋለጠ። ምናልባት ጠጅን በመጥራቱ የማድነቅ ልማድ እየጠነከረ የሄደው ከዚያ ወዲህ ይሆናል።

የብርሌን ቅርጽ ልብ ብሎ ያየ ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ክብ ነው። ሲያዘነብሉት የቀረው ደለል የክቡ ሆድ ትከሻ ላይ ይያዛል፤ የቦርዶ ጠርሙስ ትከሻም ለዚሁ እንደሚጠቅም ይነገራል። አንገቱ ዝንብና አቧራ አያስገባም፣ ጠረኑንም አይበትንም። አየር ለማስነካት ግን ብርሌ ከሁሉ የባሰ ዕቃ ነው። ጠጅ ደግሞ አየር አይፈልግም፤ ቶሎ ይኮመጥጣል። የተገኘው ዕቃ ለመጠጡ ተስማማና ቀረ።

በቤተ መንግሥት መቅዳት ራሱን የቻለ ሹመት የሚመስል ሥራ ነበር። አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አፍስሶ ይቀምሳል፤ መርዝ እንደሌለበት ማረጋገጫው ይህ ነው። ትልቅ ሰው ሲጠጣ የሰው ዓይን እንዳያየው ሸማ ይጋረድበታል። ጠጁም ደረጃ ነበረው፤ ከላይ የተቀመጡት የጠራውንና የቆየውን በብርሌ፣ በአዳራሹ ታችኛው ጫፍ ያለው ጭፍራ ቀጠን ያለውን በዋንጫ ያገኛል። በአፄ ምኒልክና በእቴጌ ጣይቱ ዘመን ይህ ሥርዓት በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች የሚዘጋጅ ግብር ሆነ፤ ማሩም ከየአገሩ በግብር መልክ ይመጣ ነበር። አዲስ አበባ ስትሰፋ የቤተ መንግሥቱ መጠጥ ወደ ሰፈር ወረደ፤ ጠጅ ቤት ተከፈተ፤ በብርሌ መጠጣት የሁሉም ሆነ።

ሐዋሳ የዚህ ታሪክ የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ የተወለደች ከተማ ናት። በ1952 ዓ.ም. ገደማ፣ ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት አስተዳዳሪ በነበሩበት ጊዜ ተቆርቁራ፣ ከጦር ሠራዊት የተሰናበቱ ሰዎች ጭምር የሰፈሩባት ከተማ ሆነች። ሰፋሪው የመጠጥ ልማዱን ይዞ መጣ፤ ጌሾው በገበያ፣ ማሩ ከደጋው ወረደ። በሲዳማ ባህል የበዓል ገበታ የራሱ መልክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በተመዘገበው ፊቼ ጨምበላላ ጊዜ ቤተሰብና ጎረቤት በቅቤ የራሰውን የእንሰት ምግብ፣ ቡሪሳሜን፣ በጋራ ይበላል። የጠጁ ብርሌ ከዚህ ገበታ ጎን የተቀመጠው ከተማዋ ካደገች በኋላ ነው።

የወይን ጠጅም በአካባቢው የታወቀበት አንድ መንገድ አለ። የኮምቦኒ ካቶሊክ ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲዳማ ገቡ፤ በ1969 ሐዋሳ ራሱን የቻለ ሐዋርያዊ አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ቡሹሎም በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሚተዳደረው፣ ለእናቶችና ለሕፃናት በሚሰጠው አገልግሎት በሚታወቀው ጤና ጣቢያዋ ስሟ ከሐዋሳ አልፎ ተሰማ። የካቶሊክ ሕግ ለቅዳሴ ከወይን ፍሬ የተጠመቀና ያልተበላሸ ወይን ያዛል፤ ዘቢብ ዘፍዝፎ ወዲያው ከሚጨምቀው የኦርቶዶክስ ሥርዓት በዚህ ይለያል። ስለዚህ በሐይቁ ዙሪያ ካሉ መንደሮች አንዳንዶቹ የፈላ የወይን ጠጅን ከሆቴል ቀድመው ያዩት በመቅደስ ነው።

በሆቴልና በቤት የገባው ጉደር ነው። ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት አዲስ አበባ ላይ የተስፋፋው የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርን፣ አክሱሚትን፣ አዋሽ ክሪስታልንና ከሚላን ለገበያ አቀረበ፤ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍ ያቋቋመው ኤይት ማይልስ የተባለ የገንዘብ ድርጅት ከኢትዮጵያዊ ባለሀብት ጋር ሆኖ ገዛው። ጉደር በሠርግና በክርስትና ገበታ ሲቀርብ ማንም ለመገልበጥ አላሰበም፤ ሰው የሚያስበው ምን እንደሚጨምርበት ነበር። አንዳንዱ አምቦ ውሃ፣ አንዳንዱ ኮካ ይቀላቅላል። ወይን አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ይህን ሲያይ ያማትባል፤ ነገር ግን የጥንት ግሪኮች ወይኑን በትልቅ ማሰሮ ከውሃ ጋር ሳይቀላቅል የሚጠጣን ሰው እንደ አረመኔ ይቆጥሩት ነበር። በኮካ የሚጠጣው የሐዋሳ ወጣት ከእነ ሶቅራጥስ የራቀ አይደለም።

በውጭ አገር ያለው ኢትዮጵያዊ ደግሞ ተቃራኒውን አየ። በኒው ዮርክ ግዛት፣ በአሜሪካ ካሉት ወይን ጠማቂዎች ሁሉ አንጋፋ ነኝ የሚለው ብራዘርሁድ ሼባ የተባለ ጠጅ በወይን ጠርሙስ እያሸገ ይሸጣል። ተጣርቶ እንደ ብርጭቆ የጠራ፣ አፍ የማይቆነጥጥ፣ መደርደሪያ ላይ ወራት የሚቆይ ነው። የሚጠለል ነገር የለውም። የናፈቀ ሰው ይጠጣዋል፤ ከእናቱ ጠጅ ጋር ግን አያመሳስለውም። አገር ቤትም ቢሆን ነገሩ ሌላ ችግር አለው፤ ማር ሲወደድ ስኳር የሚደባልቁ ቤቶች በዝተዋል፣ ማጥለሉንም በአንድ ዙር ጨርቅ ጨርሰው ከፕላስቲክ በርሜል በጆግ የሚቀዱ አሉ። ሳይነካ የሚያድር እንስራ በኮንዶሚኒየም ቤት ቦታ አያገኝም።

እንግዲህ የበዓሉ ጥያቄ ምን ይመለስ? የባቱም ሆነ የአዲስ አበባው ወይን በፋብሪካ ተጣርቶ የሚወጣ፣ በወጣትነቱ የሚጠጣ ነው። ዝቃጭ ስለሌለው የሚጠለልበት ምክንያት የለም። ክዳኑ ሲከፈት የሚያስነጥስ ጠረን ካለው በማንኛውም ጆግ አንድ ጊዜ መገልበጥ ይበቃዋል፤ ለዚያ ውድ መስታወት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ዘመድ ከውጭ ይዞት የመጣ፣ ዐሥርና ከዚያ በላይ ዓመት የቆየ ቀይ ወይን ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ ጠርሙሱ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ጠጅ መቅዳት የሚያውቁት እናት ይቅዱት፣ ታች ያለው ጥቁሩ ሲቀርብ ያቁሙ። በቡሹሎ ሌላም ሊታሰብ የሚገባ ነገር አለ። ቀይ ወይን በክፍል ሙቀት ይጠጣል የሚለው ምክር የወጣው በአውሮፓ ብርዳማ ቤቶች ነው፤ ክፍል ማለታቸው 16 ወይም 18 ዲግሪ ነበር። የሐዋሳ የቀትር ሙቀት ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ ወይኑ በዚያ ሙቀት ሲቀዳ አልኮሉ ብቻ ይሸታል። ዶሮው ከመቅረቡ በፊት ጠርሙሱን ለግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ከየትኛውም ማንቆርቆሪያ የበለጠ ይጠቅመዋል።